የዐፅም ምስክርነት፤ በጥንታውያን ከተሞች፥ ይልቁንም በቤይሩት ስለ ኖሩ ሰዎች ጤንነት

(ለተማሪዎችና ለተሳላሚዎች የቀረበ ትምህርት)

መግቢያ

በቤይሩት ከተማ በስተ ምሥራቅ አሽራፊዬ የሚባል ኮረብታ ይገኛል። ከዚህ ኮረብታ በስተ ሰሜንና በስተ ምዕራብ ቁልቁል የሚወርድ ሰው በጀማይዜና በሳይፊ ሰፈሮች አልፎ ወደ መካከለኛው ከተማ ይደርሳል። በመንገዱ የሚያየው ሬንጅ፥ የተጠረበ ድንጋይና ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃ ነው። ነገር ግን ለአንድ ሕንፃ መሠረት ጥቂት ሜትር የተቈፈረ እንደ ሆነ ሌላ ከተማ ይገለጣል፤ ከዚያም በታች ደግሞ ሌላ። ከነዓናውያንና ፊንቄያውያን፥ ግሪኮችና ሮማውያን፥ ዐረቦች፥ የመስቀል ጦረኞች፥ ማምሉኮችና ኦቶማኖች በዚህ በአንድ ስፍራ ላይ ተራ በተራ ኖረዋልና።

ስለዚህች ከተማ የተጻፈ ታሪክ አልታጣም። በአውግስጦስ ቄሣር ዘመን፥ ከልደተ ክርስቶስ በፊት 14 ዓመት ገደማ፥ የሮማውያን ቅኝ ከተማ ሆና መመሥረቷ፥ የሕግ ትምህርት ቤቷም በዓለም የታወቀ መሆኑ፥ በ533 ዓ.ም. ዮስጢንያኖስ ላወጣው ታላቅ የሕግ ስብስብ ዶሮቴዎስና አናቶልዮስ የተባሉ የቤይሩት መምህራን መሥራታቸው፥ በ551 ዓ.ም. የመሬት መናወጥና የባሕር ማዕበል እንዳጠፋት ሁሉ ተጽፎ ይገኛል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፥ በኢትዮጵያ አቈጣጠር የሚል ካልተጨመረባቸው በቀር፥ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ይሁን እንጂ እነዚህ ጽሑፎች የሚነግሩን ስለ ነገሥታትና ስለ ሊቃውንት ነው። ከምንጭ ውኃ ትቀዳ ስለ ነበረችው ገረድ፥ በወደብ ሸክም ይሸከም ስለ ነበረው ሎሌ፥ ጡት በጣለ በጥቂት ወር ስለ ሞተው ሕፃን አንድ መስመር እንኳ አልጻፉም። ታዲያ እነዚህ ሰዎች ምን ይበሉ ነበር? በምን ይታመሙ ነበር? ዕድሜያቸውስ ስንት ነበር? ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ መልሱን በብዙው የሚያገኘው ከዐፅማቸው ነው። ስለዚህ በዚህ ትምህርት ዐፅም እንዴት እንደሚመረመር፥ ስለ ቀድሞ ከተሞች ጤንነትም ምን እንደሚያስረዳ፥ ምንስ ማስረዳት እንደማይችል በቅደም ተከተል እንመለከታለን።

፩. መቃብሮቹ እንዴት እንደ ተገለጡ

በሮማውያን ሕግ ሬሳ በከተማ ቅጥር ውስጥ እንዳይቀበር የተከለከለ ነበር። ስለዚህ መቃብሮቻቸው ከከተማ በሚያስወጡት መንገዶች ዳርና ዳር ይገኛሉ። ቤይሩትም እንዲሁ ናት፤ ዛሬ ሳይፊ በሚባለው ሰፈርና በአካባቢው፥ ማለት ከአሽራፊዬ ኮረብታ ግርጌ፥ የጥንት መቃብሮች ተገኝተዋል። በክርስቲያኖች ዘመን ግን ልማዱ ተለወጠ፤ ሙታን በአብያተ ክርስቲያናት ውስጥና ዙሪያ ይቀበሩ ጀመር። በከተማው መካከል ባለው በቅዱስ ጊዮርጊስ የኦርቶዶክስ ካቴድራል ሥር በተደረገው ቁፋሮ አንዱ በአንዱ ላይ የተሠሩ የቀድሞ ሕንፃዎችና መቃብሮች ተገኝተው፥ ዛሬ ከወለሉ በታች በተዘጋጀው ትንሽ ቤተ መዘክር ይታያሉ።

ቁፋሮው የበረታው ከጦርነት በኋላ ነው። ከ1975 እስከ 1990 በቈየው የእርስ በርስ ጦርነት መካከለኛው ከተማ ፈርሶ ስለ ነበር፥ ከ1993 ጀምሮ እንደ ገና ሲሠራ ከሕንፃ ሠሪዎቹ አስቀድመው የአርኬኦሎጂ ሊቃውንት ከልዩ ልዩ አገር ተሰብስበው ቈፈሩ። ይህ ዓይነቱ ሥራ በጥድፊያ የሚደረግ ነው፤ የመቈፈሪያው መኪና ቆሞ ይጠብቃልና። እዚህ ላይ ልናስተውለው የሚገባ ብርቱ ነገር አለ። መቃብር እንደ ተራ አፈር ከተዛቀ፥ የማን ዐፅም ከማን ጋር እንደ ነበረ፥ ፊቱ ወደ የት እንደ ዞረ፥ አብሮት ምን እንደ ተቀበረ ሳይመዘገብ ከቀረ፥ ያ ምስክርነት ተመልሶ አይገኝም። መጽሐፍ ቢጠፋ ምናልባት ሌላ ግልባጭ ይኖረዋል፤ መቃብር ግን ግልባጭ የለውም።

በአሽራፊዬ ጠርዝ በደማስቆ መንገድ ላይ የሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዘክር በ1942 የተከፈተ ሲሆን፥ በጦርነቱ ጊዜ በሁለቱ ወገኖች መካከል ባለው የውጊያ መስመር ላይ ወድቆ ብዙ ተጐድቷል። የምድር ቤቱ ክፍል በ2016 እንደ ገና ተከፍቶ፥ የዚህች አገር ሰዎች ከጥንት ጀምሮ ሙታናቸውን እንዴት ይቀብሩ እንደ ነበር ያሳያል። በአካባቢው ያለ ተማሪ በእግሩ ሄዶ ሊያየው ይችላልና ይህን ትምህርት ካነበበ በኋላ ቢጐበኘው እንመክራለን።

፪. ዐፅም በሕይወት ሳለ የሚሠራው ሥራ

ብዙ ሰው ዐፅምን እንደ ድንጋይ ደረቅና የማይለወጥ ነገር አድርጎ ያስበዋል። ይህ ስሕተት ነው። በአንድ ሙሉ ሰው 206 አጥንቶች አሉ፤ በሕይወት ሳለ ደም ይዞርባቸዋል፥ አሮጌው ክፍላቸው እየፈረሰ አዲስ ይተካል። ሸክም የሚበዛበት አጥንት ይወፍራል፤ ሥራ የፈታ አጥንት ይሳሳል። ምግብ ሲያንስና ሕመም ሲጸና እድገቱ ይዘገያል። ስለዚህ ከሞት በኋላ የሚገኘው ዐፅም ባለቤቱ የኖረውን ኑሮ በከፊል መዝግቦ የያዘ ነው።

ጥርስ ግን ከአጥንት ይለያል። ጥርስን የሚሸፍነው ኢናሜል የሚባል ጠንካራ ልባስ በልጅነት አንድ ጊዜ ከተሠራ በኋላ አይታደስም። የፊት ቋሚ ጥርሶች ልባስ ከልደት አቅራቢያ ጀምሮ እስከ ስድስትና ሰባት ዓመት ድረስ ይሠራል። በዚያ ጊዜ ሕፃኑ በብርቱ የታመመ ወይም የተራበ እንደ ሆነ ሥራው ለጥቂት ጊዜ ይቋረጥና በጥርሱ ላይ አግድም የሄደ ጐድጓዳ መስመር ይቀራል። ባለቤቱ ሰማንያ ዓመት ቢኖር እንኳ ያ መስመር ከቦታው አይጠፋም። ጥርሱ ሳይበላ ከቈየ፥ ከመስመሩ አቀማመጥ ተነሥቶ ሕመሙ በስንት ዓመቱ እንደ ደረሰበት መገመት ይቻላል።

መርማሪው መጀመሪያ የሚጠይቀው ዐፅሙ የወንድ ነው ወይስ የሴት? ዕድሜውስ? የሚለውን ነው። የጾታው ዋና ምስክር የዳሌ አጥንት ነው፤ የሴት ዳሌ ለመውለድ የተዘጋጀ በመሆኑ ይሰፋል። የልጆች ዕድሜ በጥርሳቸው አበቃቀልና በአጥንታቸው እድገት በጥቂት ስሕተት ብቻ ይታወቃል። የአዋቂዎች ዕድሜ ግን በመገጣጠሚያዎች ማርጀት ስለሚገመት ዕድሜው በገፋ መጠን ግምቱ እየላላ ይሄዳል። የሕፃናት ጾታም ከአጥንት ቅርጽ ብቻ በእርግጥ አይለይም። የሰውዬው ቁመት ደግሞ ከጭን አጥንቱ ርዝመት ይሰላል።

፫. በዐፅም ላይ የሚታዩ የሕመም ምልክቶች

ሀ) የደም ማነስ። የዐይን ጕድጓድ ጣራ ወይም የራስ ቅል ውጭ ወንፊት መስሎ በጥቃቅን ቀዳዳ ተበስቶ ይገኛል። ይህ ብዙ ጊዜ በልጅነት የደም ማነስ ለመኖሩ ምልክት ነው። ምክንያቱ ግን አንድ አይደለም፤ የምግብ ጕድለት፥ የአንጀት ትል፥ ወባ፥ ወይም ከወላጅ የሚወረስ የደም ሕመም ሊሆን ይችላል። በሜዲቴራንያን ባሕር ዳርቻ ወባ ለብዙ ዘመን ስለ ነበረና ታላሴሚያ የሚባለው የሚወረስ የደም ሕመም እስከ ዛሬ ስለሚገኝ፥ በዚህ አገር መርማሪው ቀዳዳውን አይቶ «ይህ ሰው ረኃብተኛ ነበረ» ብሎ ሊፈርድ አይገባውም።

ለ) የሳንባ ነቀርሳ። ይህ ሰው ተጨናንቆ በሚኖርበት ስፍራ የሚበረታ ደዌ ነው። ወደ አከርካሪ የደረሰ እንደ ሆነ አጥንቶቹን በልቶ ጀርባን ያጐብጣል። ነገር ግን አጥንትን የሚነካው ከመቶ በሽተኞች ከ3 እስከ 5 በሚሆኑት ላይ ያህል ብቻ ነው። እንግዲህ በአንድ መካነ መቃብር አንድ የጐበጠ አከርካሪ ቢገኝ፥ በዙሪያው አጥንታቸው ያልተነካ ብዙ በሽተኞች እንደ ነበሩ ያሳስባል።

ሐ) ካልተፈላ ወተትና ከትኩስ አይብ የሚመጣ ደዌ። ብሩሴሎሲስ የሚባለው ይህ ሕመም የወገብን አከርካሪ ጠርዝ ይበላል። በኢጣልያ በ79 ዓ.ም. የቬሱቪዮስ ተራራ በፈነዳ ጊዜ በሄርኩላነም ከተማ በባሕሩ ዳርቻ ባሉ ግንቦች ሥር ተጠግተው የሞቱ ከ300 የሚበልጡ ሰዎች ዐፅም ተገኝቷል፤ ካፓሶ የተባለ ኢጣልያዊ መርማሪም በአንዳንዶቹ ላይ ይህን ምልክት አግኝቷል።

መ) የጥርስ ሕመም። በብል የተበላ ጥርስ ስለ ምግብ ይናገራል። እንደ እህል፥ ማርና ተምር ያለ ጣፋጭና የሚያጣብቅ ምግብ በበዛበት ቦታ ብል ይበዛል። በድንጋይ ወፍጮ የተፈጨ ዱቄት ደግሞ ጥቃቅን አሸዋ ስለሚቀላቀለው የጥርስን ፊት ይበላዋል።

ሠ) የፀሐይና የአትክልት እጦት። ፀሐይ የማያገኝ ሕፃን አጥንቱ ስለሚላላ እግሩ ይጐብጣል። አትክልትና ፍራፍሬ ለብዙ ጊዜ ያጣ ሰው ድዱ ይደማል፤ በአጥንቱም ላይ አዲስ ስስ ሽፋን ይበቅላል።

ረ) በዐይን የማይታይ ምስክር። በአጥንት ውስጥ ካለው ኮላጅን ከሚባለው ነገር ሰውዬው በሕይወቱ ምን ዓይነት ምግብ ያዘወትር እንደ ነበር በቤተ ሙከራ ይታወቃል። ስንዴና ገብስ አንድ ዓይነት የካርቦን ምልክት ሲተዉ፥ ማሽላ፥ በቆሎና ጤፍ ሌላ ዓይነት ይተዋሉ። የናይትሮጅን መጠን ደግሞ ሥጋ፥ ወተትና ዓሣ መብላቱን ያመለክታል። ሕፃን ጡት በሚጠባበት ጊዜ ይህ መጠን ከእናቱ ከፍ ይላል፤ ጡት ሲጥል ይወርዳል። ስለዚህ የጥንት እናቶች ልጆቻቸውን ስንት ጊዜ ያጠቡ እንደ ነበር ማወቅ ተችሏል።

ከዚህም ጋር ጥርስ በልጅነት የተጠጣውን ውኃና የተበላውን እህል ምድር ምልክት ይይዛል፤ ይህም ስትሮንቲየም በተባለው ማዕድን ይለካል። የሊባኖስ ምድር በብዛት የኖራ ድንጋይ ሲሆን፥ የኢትዮጵያ ደጋ ግን በአብዛኛው ከእሳተ ገሞራ የወጣ ጥቁር ድንጋይ ነው። እንግዲህ በወሎ ወይም በጐንደር ደጋ ተወልዶ አድጎ በቤይሩት የተቀበረ ሰው ቢኖር፥ ስሙ ቢጠፋ እንኳ ከሩቅ አገር መምጣቱ ከጥርሱ ሊታወቅ ይችላል ማለት ነው።

፬. ከተማ ለምን ሰውን ታሳምም ነበር?

ሮማውያን ለቤይሩት ከወንዟ ውኃ በድልድይ አስመጥተውላት ነበር፤ የዚያ የውኃ ድልድይ ቅስቶች ፍራሽ ከከተማው ውጭ እስከ ዛሬ ይታያል። በመካከለኛው ከተማም የመታጠቢያ ቤታቸው ፍራሽ አለ። ይህን የሚያይ ሰው ከተሜው ሁሉ ንጹሕና ጤነኛ ነበር ብሎ ያስብ ይሆናል። ነገር ግን ሚቸል የተባለ እንግሊዛዊ መርማሪ በ2016 የሮማን ግዛት ሁሉ የሚመለከት ማስረጃ ሰብስቦ ባወጣው ጽሑፍ፥ መታጠቢያና መጸዳጃ ቤት በመሠራቱ ወስፋትና ሌሎች የአንጀት ትሎች እንዳልቀነሱ አሳይቷል። ውኃው በገንዳ ተጠራቅሞ ብዙ ሰው ይታጠብበት ነበር፤ የመጸዳጃው ቆሻሻም ለእርሻ ማዳበሪያ ስለ ሆነ የትሉ እንቁላል ከአትክልት ጋር ወደ ማዕድ ይመለስ ነበር። ከዚህ የምንማረው፥ ሥራው ከበስተ ጀርባ ካልተጠበቀ የሕንፃ ማማር ብቻውን ጤና አይሰጥም ማለት ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የሰው መጨናነቅ ነው። በገጠር አንድ ቤተ ሰብን አጥቅቶ የሚቆም ደዌ በከተማ ከቤት ወደ ቤት ይዛመታል። ወደብም መርከብ ከሩቅ አገር ሸቀጥንም በሽታንም የሚያመጣበት በር ነው። በ1348 ጥቁር ሞት የተባለው ቸነፈር የሶርያን ባሕር ዳርቻ የመታው በዚሁ መንገድ ነው።

ሦስተኛው፥ ከተማ ራሷን በልደት ብቻ መተካት ስለማትችል ከውጭ በሚመጣ ሰው ትሞላ እንደ ነበር ነው። በብዙ ጥንታውያን ከተሞች የሚሞተው ከሚወለደው ይበልጥ ነበር፤ ክፍቱን የሚሞሉት ሥራ ፈላጊዎች፥ ወታደሮች፥ ባሮችና ነጋድያን ነበሩ። በቤይሩት ዐፅሞች ላይ በ2020 የወጣው የዘር ምርመራ ለዚህ አንድ የሚያሳዝንም የሚያስደንቅም ምሳሌ ሰጥቷል፤ ከተመረመሩት መካከል አንዲቱ የግብፅ ዘር ያላት ሴት፥ ሌላው ደግሞ ልጇ ሆኖ ተገኘ። እናት ከአገሯ ርቃ መጣች፥ በዚሁ ሞተች፥ ልጇም በዚሁ ተቀበረ። ዛሬ በቤይሩት ከኢትዮጵያ፥ ከእስያና ከሌላም አገር ለሥራ የመጡ ብዙዎች እንደሚኖሩ የሚያውቅ አንባቢ፥ ይህ ነገር አዲስ እንዳይደለ ይረዳል። ከተማይቱ በእንግዳ ጕልበት መኖር የጀመረችው ከጥንት ነው፤ የእንግዳውም ጤና ከከተማይቱ ጤና የሚለይ ጉዳይ አልነበረም።

፭. ዐፅም የማይናገረው ነገር

አሁን ወደ ትምህርቱ ዋና ቁም ነገር ደርሰናል። ምልክት የበዛበት ዐፅም የደካማ ሰው፥ ንጹሕ ዐፅም ደግሞ የጤነኛ ሰው ይመስላል። በ1992 ዉድ የተባለ አሜሪካዊ ሊቅ ከባልንጀሮቹ ጋር ሆኖ ይህ አስተሳሰብ ሊያሳስት እንደሚችል አስረዳ። ነገሩን በምሳሌ እንየው።

በአንድ ቤት ሁለት ወንድማማች ልጆች ነበሩ እንበል። ሁለቱም በአንድ ቀን ታመሙ። ታናሹ በሦስተኛው ቀን ሞተ። ታላቁ ወራት ታሞ ተነሣ፤ አድጎ፥ ሚስት አግብቶ፥ በስልሳ ዓመቱ ሞተ። ዐፅም መርማሪው ከብዙ መቶ ዓመት በኋላ ሁለቱን መቃብር ቢከፍት፥ በታላቁ ጥርስ ላይ የሕመም መስመር ያያል፤ በታናሹ ላይ ግን ምንም አያይም፤ አጥንት እስኪለወጥ ድረስ አልቈየምና። ሳያስተውል የፈረደ እንደ ሆነ ጽኑውን ደካማ፥ ደካማውን ጤነኛ ይለዋል። ምልክቱ ሕመም ለመኖሩ ምስክር ነው፤ ነገር ግን ሕመሙን ታግሦ ለማለፍም ምስክር ነው።

በአገራችን ታሪክ ይህን የሚያስረዳ ነገር አለ። በ1911 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቈጣጠር የኅዳር በሽታ የተባለው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባን በመታ ጊዜ ሰው በጥቂት ቀን ያልቅ ነበር፤ ቀባሪ እስኪታጣ ድረስ ሆኖ ነበር። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን «ኅዳር ሲታጠን» እየተባለ በየደጃፉ የሚጤሰው ጭስ የዚያ መታሰቢያ ነው። በዚያ በሽታ በሦስትና በአራት ቀን የሞተው ሰው አጥንት ምንም ምልክት የለበትም፤ ታሞ የዳነውም፥ ከእነርሱም አንዱ ራስ ተፈሪ ነበሩ፥ እንዲሁ። እንግዲህ ከተማን ያስለቀሰው ታላቁ ደዌ በዐፅም ፊት ዝም ይላል፤ ዓመታት ያሠቃየው ትንሹ ደዌ ግን ይናገራል። በተቃራኒው ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቈጣጠር በነበረው ክፉ ቀን፥ ወይም ከ1915 እስከ 1918 ሊባኖስን በፈጀው ታላቅ ረኃብ ሕፃን ሆኖ የተረፈ ሰው፥ የረኃቡን መስመር በጥርሱ ይዞ እስከ ሽምግልና ሊኖር ይችላል።

ታዲያ መርማሪዎች ይህን ችግር እንዴት ያቃልሉታል? አንዱ መንገድ በድንገት በአንድ ቀን የሞቱትን መመልከት ነው፤ የሄርኩላነም ሰዎች ጤነኛውም በሽተኛውም አብረው ስለ ሞቱ ሕያው ሕዝብ ምን ይመስል እንደ ነበር በቅርብ ያሳያሉ። ሌላው መንገድ ብዙ ዐፅሞችን በዕድሜ ለይቶ ማነጻጸር ነው። በለንደን ከተማ በ1348 እና በ1350 መካከል በጥቁር ሞት ላለቁት ብቻ የተከፈተ ኢስት ስሚዝፊልድ የሚባል መካነ መቃብር አለ። ደዊት የተባለች መርማሪ ዐፅሞቹን በዚህ መንገድ አነጻጽራ፥ ቸነፈሩ ሁሉን ቢገድልም አስቀድመው በሕመምና በችግር የደከሙትን ይበልጥ እንደ ጨረሰ አሳየች። በ2011 ደግሞ የቸነፈሩ ተሐዋስ ዘር ከእነዚሁ ሰዎች ጥርስ ውስጥ ተገኝቶ ተነበበ። አጥንቱ ዝም ያለውን ጥርሱ ውስጥ የቀረው ደም ተናገረ።

ዐፅም ከሁሉ ይልቅ በግልጥ የሚናገረው የሰይፍን ቍስል ነው። ከቤይሩት በስተ ደቡብ 40 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው በሲዶና ከመስቀል ጦረኞች ዘመን፥ ማለት ከ13ኛው መቶ ዓመት የሆኑ ሁለት የጅምላ መቃብሮች ተገኝተው ውጤቱ በ2021 ታተመ። ቢያንስ 25 የሚሆኑ ጐልማሶችና ጐረምሶች ወንዶች ነበሩ፤ ከቍስላቸውም ብዙው በጀርባቸው በኩል ነው፤ ሲሸሹ ወይም ከበስተ ኋላ በፈረሰኛ ተመትተው እንደ ወደቁ ያመለክታል። ዜና መዋዕል ስለ ድልና ስለ ሽንፈት ይጽፋል፤ ጀርባው ግን ፍርሃትንም ይነግረናል።

፮. የኢየሩሳሌም መነኮሳት ጉልበት

ለዚህ መጽሔት አንባብያን ይልቁን የሚስማማ ምሳሌ ከኢየሩሳሌም እናምጣ። ከደማስቆ በር ውጭ ባለው በጥንቱ በቅዱስ እስጢፋኖስ ገዳም ከ5ኛው እስከ 7ኛው መቶ ዓመት የኖሩ ሰዎች ዐፅም በአንድ ላይ ተከማችቶ ተገኝቷል። ሼሪዳን የተባለች አሜሪካዊት መርማሪ ከተማሪዎቿ ጋር ለብዙ ዓመት አጥንታለች። በጭንና በቅልጥም አጥንቶች የጉልበት መገጣጠሚያ ላይ፥ በጉልበት ሎሚና በእግር አውራ ጣት ሥር፥ ደጋግሞ በመንበርከክና በመነሣት የሚመጣ መበላትና መሻከር ተገኘ። ስማቸውን የማናውቃቸው መነኮሳት ስግደታቸው በጉልበታቸው ተመዝግቦ ተገኘ።

ነገር ግን ሌላም ተገኘ። ግሬጎሪካና ሼሪዳን በ2013 ባወጡት ጥናት የኮላጅን ምርመራ እንዳሳየው፥ ከእነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ ስለ መነኮሳት ምግብ ከተጻፈው ይበልጥ ከእንስሳ የሚገኝ ምግብ ይበሉ ነበር። ይህን የሰማ ሰው ፈጥኖ «እንግዲህ አይጾሙም ነበር» ሊል ይቃጣው ይሆናል። ይህ ከላይ የተመለከትነውን ስሕተት መድገም ነው። የኮላጅን ምልክት የብዙ ዓመት አማካይ ነው እንጂ የጾምን ወራት ከፍስክ ወራት አይለይም፤ ወተትንና አይብን ከሥጋ አይለይም፤ የጥሉላትን ምግብ የበላው ጤነኛ ነው ወይስ በሽተኛ ብሎም አይነግረንም። በከተማ ያለ ባለጸጋ ገዳም ከበጎ አድራጊዎች ስጦታ ይቀበል፥ እንግዳና ሕመምተኛም ያስተናግድ ነበር፤ በዐፅሞቹም መካከል የሕፃናት ጭምር መገኘቱ በዚያ የተቀበረው ሁሉ መነኩሴ እንዳልነበረ ያሳያል። ጉልበቱን አይቶ ማወደስ፥ ኮላጅኑን አይቶ መንቀፍ፥ ሁለቱም ከማስረጃው አልፎ መሄድ ነው። ተማሪ የሚለየው የሚያውቀውን ከሚገምተው ለይቶ በመናገሩ ነው።

፯. ለዐፅም የሚገባ ጥንቃቄና ክብር

ዐፅም የምርምር ዕቃ ብቻ አይደለም፤ የሰው ነው። በቤተ ክርስቲያናችን የቅዱሳን ዐፅም ከቦታ ወደ ቦታ ሲፈልስ በዓል ይደረግለታል፤ ግንቦት 12 ቀን የሚከበረው የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ፍልሰተ ዐፅም ለዚህ ምስክር ነው። ይህ ልማድ ዐፅምን ማንሣት በራሱ ድፍረት እንዳይደለ ያስተምረናል፤ ድፍረት የሚሆነው ያለ ክብር ማንሣት ነው።

በሊባኖስ በቃዲሻ ሸለቆ በሐደስ ዋሻ በ1990 ገደማ ዋሻ መርማሪዎች እስከ ልብሳቸው ሳይፈርሱ የቈዩ የመንደር ሰዎችን በድን አግኝተዋል፤ በ1283 ገደማ በጦርነት ጊዜ ወደ ዋሻው ሸሽተው የነበሩ ማሮናውያን እንደ ሆኑ ይታመናል፤ ሕፃናትም ይገኙባቸዋል። የዋሻው አየር ደረቅ በመሆኑ ጠብቋቸዋል። ዛሬ በብሔራዊው ቤተ መዘክር የምድር ቤት በልዩ ክፍል፥ በተለካ ቅዝቃዜና በደብዛዛ ብርሃን ተጠብቀው ይታያሉ።

የላስታን ይምርሐነ ክርስቶስ የተሳለመ ሰው ይህን ሲያነብ በዋሻው ውስጥ ከቤተ ክርስቲያኑ በስተ ኋላ ያለውን የዐፅምና የደረቀ በድን ክምር ያስታውሳል። ከሩቅ አገር የመጡ ተሳላሚዎች እንደ ሆኑ ትውፊት ይናገራል። ከላይ እንደ ተማርነው የእያንዳንዱ ጥርስ የተወለደበትን ምድር ምልክት፥ የእያንዳንዱ አጥንት ያለፈበትን ሕመም ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ ተሳላሚ ሆይ፥ በእንዲህ ያለ ቦታ ስትቆም ለበረከት ብለህ ስባሪ አትውሰድ፤ በእጅህ አትንካ፤ ለፎቶግራፍ ብለህ ከቦታው አታንቀሳቅስ። አንድ ጥርስ ከቦታው የወሰደ ሰው ከአንድ ሰው የሕይወት ታሪክ ላይ ምዕራፉን ቀዶ እንደ ወሰደ ይቈጠራል። የመቃብር ቦታ በግንባታ ጊዜ ቢገኝም ሥራውን አቁሞ ለሚመለከተው ክፍል ማስታወቅ የሁሉም ግዴታ ነው። መርማሪውም በበኩሉ ከባለ ቦታው ፈቃድ መጠየቅ፥ ከሚያስፈልገው በላይ አለመቍረጥ፥ ሥራውንም ሲፈጽም ዐፅሙን በክብር መመለስ ይገባዋል።

ማጠቃለያ

በዚህ ትምህርት ሦስት ነገር ተመልክተናል። አንደኛ፥ ዐፅም በሕይወት ሳለ የሚለወጥ በመሆኑ ስለ ምግብ፥ ስለ ሥራና ስለ ሕመም ይመሰክራል። ሁለተኛ፥ የጥንት ከተሞች በሥልጣኔያቸው ቢያምሩም በመጨናነቅና በቆሻሻ ምክንያት ብዙ ሰው የሚታመምባቸው፥ በእንግዳ ጕልበትም የቆሙ ነበሩ። ሦስተኛ፥ ዐፅም ሁሉን አይናገርም፤ ምልክት የሌለው ሁሉ ጤነኛ አልነበረም፥ ምልክት ያለበትም ብዙ ጊዜ ታግሦ የኖረው ነው።

ይህ ሦስተኛው ለሙታን ብቻ አይደለም። በሕያዋን መካከልም የሕመም ምልክት የሚታይበትን ሰው ደካማ፥ የማይታይበትን ጤነኛ ማለት ይቀናናል። ከአጠገባችን የሚኖረው፥ ምንም ሳይናገር ሥራውን የሚሠራው እንግዳ ምን እንደ ተሸከመ ሳንጠይቅ እናልፋለን። የሙታንን ዐፅም በጥንቃቄ የሚያነብ ተማሪ የሕያዋንን ሁኔታ ለመጠየቅ ከቶ ሊሰንፍ አይገባውም፤ ዐፅም ተጠይቆ በምልክት ብቻ ይመልሳል፥ ሕያው ግን በአንደበቱ ይመልሳልና።

የመለማመጃ ጥያቄዎች

1. የጥርስ ልባስ ከአጥንት የሚለየው በምንድን ነው? ይህስ ልዩነት ለመርማሪው ምን ይጠቅመዋል?

2. በዐይን ጕድጓድ ጣራ ላይ የሚታይ ቀዳዳ ሊመጣባቸው የሚችል ምክንያቶችን ዘርዝር። በባሕር ዳርቻ አገር ይህን ሲመረምሩ ምን መጠንቀቅ ያሻል?

3. የውኃ ድልድይና መታጠቢያ ቤት የነበራቸው ከተሞች ከአንጀት ትል ያልዳኑበት ምክንያት ምንድን ነው?

4. በኅዳር በሽታ የሞተ ሰው ዐፅምና በክፉ ቀን ሕፃን ሆኖ የተረፈ ሰው ዐፅም ልዩነታቸው ምንድን ነው? ከሁለቱ ባለ ምልክቱ የትኛው ነው? ስለ ምን?

5. በአካባቢህ ካለ አንድ ጥንታዊ መካነ መቃብር ወይም ዋሻ ተነሥተህ፥ ዐፅሞቹ ሳይነኩ እንዲጠበቁ ምን ሊደረግ እንደሚገባ በአንድ ገጽ ጻፍ።